ካሜራው ያልቀረጸው የዘር ገብስ

«በመንዝ በረዶ ሰብል አወደመ፤ ነዋሪው እጁን አጣጥፎ እርዳታ እየጠበቀ ነው።»

ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን በምሳ ሰዓት ዜና የሰማነው ይህንን ነው። አፍረን እርስ በርስ ተያየን።

ትናንት ዜናውን የሠራው ጋዜጠኛ ሲመጣ እዚያው መንደራችን ነበርኩ። የገብስ ቡቃያቸው እንዳለ የረገፈባቸውን ጎረቤታችንን እማማ አስካለን «እማማ፣ ትንሽ ቢያለቅሱልን?» አላቸው።

«ልጄ፣ በረዶው የጣለ ዕለት አልቅሼ ጨርሻለሁ። ይልቅ እነዚያን አንሳቸው!» አሉት።

በረዶው ያልነካቸው የማዶ መንደር ሰዎች የዘር ገብስ በአህያ ጭነው እየመጡ ነበር። ማንም አልጠራቸውም። ቄሱ እንኳ አንድ ጆንያ ተሸክመዋል።

ካሜራው ወደዚያ አልዞረም። (ከጋዜጠኛው ጋር የመጣው የባለሥልጣን መኪና ግን ከፊትም ከኋላም ተቀርጿል።)

ዜናው እንዳለቀ እማማ ሰምተው እንዳያዝኑ ብዬ ደወልኩላቸው።

«የምን ዜና? እኛ ከማዶ ሰዎች ጋር ደግመን እየዘራን ነው። ሥራ ከሌለህ መጥተህ አግዘን!» ብለው ዘጉብኝ።

የእነዚህ ሰዎች ልጅ በመሆኔ እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ይኸው፣ ወደዚያው እየሄድኩ ነው።

በእናንተስ አገር ክፉ ቀን ሲመጣ ዜናው የዘለለው ደግ ሰው ማን ነበር? እዚህ ጻፉልንና እኛ እናውቀው።