ከብቱን ሳላይ ቢላ አልሸጥም

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አባቴ የበግ መሸለቻ መቀስ አስያዘኝና አንድ እፍኝ ያልተፈተለ ጥጥ ፊቴ አስቀመጠ። «ቁረጪ» አለኝ። መቀሱ ጥጡን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም። «ይህ መቀስ ከጸጉሩ ጋር የበጉንም ቆዳ ይዞ ይሄዳል» አለና ሞረዱን አቀበለኝ። ጥጡ በአንድ ጊዜ እስኪቆረጥልኝ ድረስ ስሞርድ ዋልሁ።

ወደ ማታ የመቀሱ ባለቤት መጣ። አባቴ መቀሱን በእጁ አልሰጠውም፤ መሬት ላይ አኖረለት፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነሣው። ሲሄድ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛ ቀጥቃጮች ነን። ዓይናችንንም እጃችንንም ይፈሩታል። ልማድ ነው፤ ተይው» አለኝ።

አልተውሁትም።

ቤታችን ወረታ ዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ክረምት የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ከብቱ ጭቃ ውስጥ ይከርማል፤ ሰኮናው ይረዝማል፣ ጫፉም ወደ ላይ ይቆለመማል። ውሃው ሲሸሽ አገሩ ሁሉ የሰኮና ቢላ ፈላጊ ይሆናል። ቢላውን ከእኛ ይገዛሉ፤ ከብታቸውን ግን አያሳዩንም። ቡዳ ይበላቸዋላ!

ቢላ እንደ ጫማ ነው፤ እግሩን ሳያዩ አይመረጥም። ለጊደር ጠባብ ቢላ ይበቃል። የሽማግሌ በሬ የደረቀ ሰኮና ግን መጀመሪያ በጉጠት ተቆርጦ፣ ከዚያ በቢላ ተስተካክሎ፣ በመጨረሻ በሞረድ ይለሰልሳል። ይህን ሳውቅ በጭፍን መሸጥ አስጠላኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ለገዥዎች «ከብቱን ሳላይ ቢላ አልሸጥም» አልሁ። ዓይን አውጣ ተባልሁ። አባቴም ተቆጣ።

«ገዥ እያባረርሽ ምን ልንበላ ነው?»

«በእኛ ቢላ ከብት ቢያነክስ ማን በላው ሊባል ነው?» አልሁት።

መጀመሪያ በር የከፈቱልኝ ከብት አድላቢ ጎረምሶች ናቸው። ለበዓል ገበያ በሬ ሊያሳምሩ የጸጉር ቤት ማሽን ይዘው ነበር። ማሽኑ ግሎ በሬው ሲዘል፣ አንዱ አጥር ላይ ወጥቶ «እባክሽ ነይ!» ብሎ ጠራኝ። በሬውን አስቦረሽሁ፤ አሸዋ ባለበት ጸጉር ላይ ምላጭ አይሄድም። የምላጩን ጥርስ ጠርጌ ዘይት አጠጣሁት። እየቆየሁ በእጄ ጀርባ እዳስሰዋለሁ፤ ሲግል አቆማለሁ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድም ምላጩን በበረኪና አጥባለሁ፤ ጭርት ከከብት ወደ ከብት ይጋባል። ጎረምሶቹ ዓይኔን አልፈሩም፤ የፈሩት በሬው ሳይሸጥ እንዳይቀር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። አያ ቢሆነኝ የሚባሉ ባለ ብዙ ከብት ገበሬ እኔ በሌለሁበት ከአባቴ ቢላ ገዝተው ነበር። ቦራ የምትባል የምትታለብ ላማቸው አነከሰች። እሳቸውም ገበያ መካከል ቆመው «የቀጥቃጭ ብረት ላሜን በላት! ያቺ ዓይን አውጣ ልጁ ናት!» አሉ። ይህ ወሬ ከሰነበተ የሚገዛን አይኖርም፤ አገር ለቀን መሄዳችን ነው። አባቴ «አትሂጂ፣ ይደበድቡሻል» እያለ ለመነኝ። መሣሪያዬን በከረጢት ይዤ ሄድሁ።

«እዚያው ቁሚ!» አሉኝ ከደጃፋቸው። «ላሟን በዓይንሽ እንዳታያት!»

«አያ ቢሆነኝ፣ ገበያ ላይ ስሜን አንሥተዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ቢላውን ያሳዩኝ።»

እግሬ ሥር ወረወሩልኝ። ቁጢጥ ብዬ አየሁት እንጂ አላነሣሁትም። በሁለቱም ጎኑ ተስሏል።

«ማን ሳለው?»

«እኔው ነኛ! ዕድሜዬን ሙሉ ማጭድ ስስል ኖሬ ይህ ያቅተኛል?»

«የሰኮና ቢላ በውስጥ ጎኑ ብቻ ነው የሚሳል። በሁለት በኩል ሲሳል ይጠልቃል። ሰኮናዋ ደግሞ በውሃ ርሶ ለስልሷል። ሥጋዋን የነኩት እርስዎ ነዎት፤ ዓይኔ አይደለም!»

ጎረቤት አጥር ላይ ተሰብስቦ ይሰማል። ከጋጣው ቦራ አቃሰተች። አያ ቢሆነኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትድናለች?»

«ሳላያት አልናገርም።»

ወደ ጋጣው ዞረው አዩ። ከዚያ በሩን ከፈቱ። ጥጃዋን ግን በጋቢያቸው ሸፈኗት፤ በንዴቴ መካከል ሳቄ መጣ። የቦራን እግር አሳሰርሁና ሰኮናዋን በሞቀ የጨው ውሃ አጠብሁ። ቁስሉ አመርቅዟል። መግሉን አፍስሼ አጸዳሁት፤ ክብደቷ በጤነኛው ጣት ላይ እንዲያርፍ ዙሪያውን አስተካክዬ ቆረጥሁ። «ከደረቅ መሬት አትውጣ፤ እግሯ ካበጠ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ» ብዬ ተመለስሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብትሞትስ?

አልሞተችም። ጥቂት ሰንብተው አያ ቢሆነኝ ቢላውን እንድስልላቸው ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ ወናፉ አጠገብ ተቀምጧል።

«ቦራ በእግሯ መርገጥ ጀምራለች» አሉና እንደ ልማዱ ቢላውን መሬት ሊያኖሩ ጎንበስ አሉ።

እጄን ዘረጋሁ። አባቴ አቀረቀረ። አያ ቢሆነኝ እጄን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። እጄ ቢዝልም አላጠፍሁትም። በመጨረሻ ቀና አሉና ቢላውን መዳፌ ላይ አኖሩት። 

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። የሰኮና ቢላ በአንድ ጎኑ ብቻ ይሳላል፤ ከብቱ ሳይታይ አይመረጥም። የሚሰጠውም ከእጅ ወደ እጅ ነው።