ያልጮኸው ውሻ

ብየዳን ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ የቻልኩ ሰው ነኝ። ከወረታ እስከ ይፋግ እኔ ፍርግርግ የሠራሁለትን መስኮት ሌባ አልደፈረውም። ዛሬ ግን ለተሰበረው የራሴ መስኮት ፍርግርግ ስተክል፣ ጠርዙን የምደፍንበት ጭድ የገባበት ጭቃ ሽታ ያደግሁበት መንደር ቁሐር ሚካኤል፣ ልጅነቴ ላይ ጣለኝ።

ያን ጊዜ ሌባ በመስኮት ገብቶ የእናቴን የክት ቀሚስ ወስዶ ነበር። እኔ ጭቃ እረግጣለሁ፤ አባቴ መስኮቱን ይደፍናል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን መቃብር አደረግኸው እኮ!» አለችው እናቴ።

«ውሻችን ያልጮኸበት ሌባ ነው። ማንነቱን ከማይ ጨለማው ይሻለኛል።»

እኔ ጥፋቱ የውሻው መስሎኝ ውሻውን ስሰድብ ዋልኩ።

አሁን ልጄን ጠርቼ «ብረቱን ያዝልኝ» አልኩት። ሌሊት ውሻችን ሳይጮህበት መስኮቱን ሰብሮ የገባው እሱ መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን። አጥብቆ ያዘልኝ።