የአክስቴ መቅዘፊያ

ለቅሶው ላይ የተወራው የአክስቴ ደግነት ብቻ ነበር። እኔን የናፈቀኝ ግን ዱላዋ ነው።

ደርግ ወድቆ ሐይቅ ዳር ሽርሽረኛ ሲበዛ፣ በሞተር ጀልባዋ ለእንግዳ ጉማሬ ታሳይ ነበር። ሰው ከመጫኗ በፊት የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ መዝዛ ታያለች። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ጀልባዋ አትነሳም።

አንድ ቅዳሜ ሰርገኞች ለፎቶ መጡ። ዘይቱ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ዘይቱን አፍስሼ ካምቢዮውን ሳላጥብ አልሄድም። መሃል ሐይቅ ላይ ማርሹ አልይዝም ካለ የሚቀበላችሁ ጉማሬ ነው!» አለች።

አንዱ ሚዜ «እማማ፣ ሰርጋችንን አያበላሹብን!» ብሎ ገፈተራትና ሞተሩን ሊያስነሳ ገባ። መቅዘፊያውን አንስታ ክንዱን አለችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሌሎቹ ተረባርበው የፊት ጥርሷን አረገፉት። ደም እየተፋች «ግደሉኝ! ሙሽሪትን ግን አላሰጥምም!» ትል ነበር።

አሁን ጀልባዋን የሚነዳው ልጇ ነው። ትናንት መለኪያውን መዘዝኩት፤ ዘይቱ ወተት መስሏል። ስነግረው «ደርሰን እንመለሳለን ባክህ» ብሎኝ ሕፃን የያዙ ሴቶችን ሳይቀር መጫን ጀመረ። የአክስቴ መቀመጫ ባዶ ነበር። መቅዘፊያው ግን እንደ ወትሮው ከሥሩ ተጋድሞ ነበር።

አነሳሁት።