ማተቤና የፊዚክስ መምህርነቴ

ሥራ ልትጠይቁ ሄዳችሁ ሃይማኖታችሁን ተጠይቃችሁ አታውቁም?

ዛሬ እዚሁ ናዝሬት፣ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊዚክስ ለማስተማር ቀርቤ ነበር። ዳይሬክተሩ ዲግሪዬን ወደዱት። አንገቴን ሲያዩ ግን «ማተብሽን ካልበጠስሽ አይሆንም» አሉኝ።

(ቀበሌ ሃይማኖት አታንሱ ይለናል፤ እዚህ ደግሞ ያለ ሃይማኖት ጠመኔ አይሰጥም።)

«ስጠመቅ የታሰረልኝን አልበጥስም» ብዬ ተነሳሁ።

ይኼኔ አብረውን የተቀመጡት የሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ቶሎሳ ሳቁና ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «የመኪናዎን ፍሬን የጠገነልዎ ከድር አይደል? ቆቃ ደርሰው በሰላም ተመለሱ እኮ። ሃይማኖቱን ጠይቀውት ነበር?»

ዳይሬክተሩም ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ፣ ሰኞ ጀምሪ።»

ደስታዬን አልደብቅም። ደንቡ ግን እዚያው አለ፤ ቀጣዩ አመልካች ሲመጣ ጋሽ ቶሎሳ ባይኖሩስ? ሥራ እንደጀመርኩ ደንቡ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።

እናንተስ ምን ተባላችሁ፣ ምንስ መለሳችሁ? ጻፉልኝ፤ ይዤው ዳይሬክተሩ ዘንድ እገባለሁ።