በመድኃኔ ዓለም ዕለት የተቆፈረ ጉድጓድ

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን ስለቀረች ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ። ሥራዬ የመጻሕፍት ገጽ ማቀናበር ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። «ጥቅምት እስኪያልቅ ቤትሽ ደህና ኢንተርኔት ካስገባሽ እዚያው ሆነሽ ትሠሪያለሽ፤ ካልሆነ ትመለሻለሽ» አለኝ። በስልኬ ኔትወርክ አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ለመላክ ጧት የጀመርኩት ፋይል ማታ ላይ «አልተሳካም» ይለኝ ነበር። ደግነቱ በዚያ ሰሞን ፋይበር የሚሉት አዲስ የኢንተርኔት መስመር እኛ ሰፈር አስፋልት ድረስ መጥቷል።

ነገሩን ለእናቴ አስረዳኋት። «ይኼ ሽቦ ከገባ አትሄጂም?» አለችኝ። አልሄድም አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስለ ኢንተርኔት አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከተማው አልቆ የገብሱ ማሳ የሚጀምርበት ላይ ነው። ሽቦው ያን ሁሉ መንገድ ያለ ድጋፍ ከተሳበ ይረግብና ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ ምሰሶ መቆም አለበት። ምሰሶ ደግሞ ጉድጓድ ይፈልጋል። ጣጣው የመጣው በዚህ ጉድጓድ ነው።

ባመለከትኩት መሠረት የመስመር ሠራተኞቹ ከዳንግላ መጡ፤ የመጡት ግን በሚካኤል ዕለት ነበር። ዶማው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጎረቤታችን፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። አማርኛና አዊኛ እኩል የሚናገሩ፣ በሁለቱም ክርክር ተረትተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ዛሬ መሬት አይቆፈርም» አሉ።

«ለምን አባባ?» አለ የቡድኑ መሪ።

«ገብሱን አታየውም? ለአጨዳ ደርሷል። በበዓል መሬት ከተነካ በረዶ ይወርዳል። በረዶ ደግሞ ቆፋሪው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የሁላችንንም ነው የሚያጭደው።»

መሪው የተማረ ሰው ነው፣ ይከራከርልኛል ብዬ ነበር። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ሰዎቹን ይዞ ወደ መኪናው ተመለሰ።

በማግስቱ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። የሚያስጠብቁበትን ሙዚቃ በቃሌ ከያዝኩት በኋላ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ልጅ አነሳች።

«ሞደምዎን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ።

«ሞደም የለኝም።»

«እሺ፣ ያለዎትን አጥፍተው ያብሩት።»

አጠገቤ የነበረው የእናቴ ሬዲዮ ነው። አጥፍቼ አበራሁትና ለውጥ እንደሌለ ነገርኳት። ከዚያ ሠራተኞቹ ለምን ሳይሠሩ እንደተመለሱ ጠየቀችኝ። በዓል ስለነበረ ነው አልኳት።

«በዓል የሚል ምክንያት ሲስተሙ ላይ የለም። ደንበኛው ቤት አልነበረም የሚል አለ፤ ደንበኛው አልፈለገም የሚል አለ፤ ውሻ አለ የሚልም አለ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካልኩ ተራዬ እንደሚሰረዝ ገባኝ። «ውሻ አለ በይልኝ» አልኳት።

«ኃይለኛ ነው?»

«በበዓል ቀን ብቻ ነው የሚነሳበት።»

ማንን አስቤ እንደተናገርኩ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ማርያም ላይ ዋለ። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ቆመው አልገባ አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ዱላ ይዟል። እናቴ ወጥታ ምን ሆናችሁ ስትላቸው ውሻውን እሰሩልን አሏት።

«የምን ውሻ? እኛ ቤት ውሻ ኖሮም አያውቅ» አለችና ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ይኼኔ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ ሠራተኞቹም ዶማቸውን ሰበሰቡ።

ለምን በዓል እየመረጡ እንደሚመጡ የቡድኑን መሪ ጠየቅሁት። «በሥራ ቀን ስንመጣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሰው ቤቱ የሚገኘው በበዓል ነው» አለኝ። ምን ይባላል፣ እውነቱን ነው። እንግዲያው እኛው በሥራ ቀን ቆፍረን እንጠብቃችሁ ስለው፣ ጉድጓዱ እነሱ ባሉበት ካልተቆፈረ ምሰሶ እንደማያቆሙ ነገረኝ። የሰጠን ቀጣይ ቀጠሮ ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም ዓመታዊ በዓል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወሩ ያልቃል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በዚያው ሳምንት ግን ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። እናቴ በበሩ አሻግራ አየችኝና አለፈች።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ነጭ በነጭ ለብሶ ሲመለስ መኪናዋ በራችን ላይ ቆማለች። ሽማግሌው ምሰሶው ሊቆም የታሰበበት ቦታ ላይ ሄደው ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ጋሼ፣ የልጆቼን አባት የቀበርነው በምን ቀን ነበር?»

«በሰኔ ሚካኤል» አሉ፣ ግራ እየገባቸው።

«ጉድጓዱን ማን ቆፈረ?»

«የዕድሩ ሰው ነዋ። እኔም ነበርኩበት።»

«በረዶ ወረደ?»

 «ለሞተ ሰው የተፈቀደ ነው» አሉ።

«እኮ» አለች እናቴ። «ይቺ ልጅ ዛሬ ይኼ እንጨት ካልቆመላት ትሄዳለች። እኔም እዚህ ቤት ብቻዬን እቀራለሁ። ከሞትኩ በኋላ መጥታችሁ ከምትቆፍሩልኝ በቁሜ ቆፍሩልኝ።»

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው መሬቱን አዩ፣ ገብሳቸውን አዩ፣ እናቴን አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ለእኔ አስያዙኝና ከሠራተኛው እጅ ዶማውን ተቀበሉ።

«እንግዲያው ቀብር ነው» አሉ። «ዕድርተኛ ሁሉ ይምጣ።»

መጡ። ጋቢያቸውን አጥር ላይ እየጣሉ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው እየተቀበለ፣ ልክ እንደ ቀብር ቆፈሩ። የቡድኑ መሪ ስልኩ ላይ ሲያወራ ቆይቶ ሲመለስ ጉድጓዱ ቁመቱ የሰው ቁመት፣ ጥልቀቱ እስከ ደረት ሆኗል።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ለአንድ እንጨት ነው» አለ።

«እጃችን የለመደው ይኼን ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ምሰሶውን አቁሞ የቀረውን ጉድጓድ በድንጋይና በአፈር መሙላት ከመቆፈሩ የባሰ አደከማቸው። ያም ሆኖ ሽቦው ተሳበ፣ ቤት ገባ፣ ሞደሙ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለአለቃዬ ላክሁ፤ ወዲያው ደርሶኛል አለኝ።

ከክፍሌ ስወጣ እናቴ ለቆፋሪዎቹ ንፍሮ ታቀርባለች። ከቀብር መልስ የሚበላው ንፍሮ። ንፍሮ ደግሞ ድንገት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ስንዴውና ባቄላው ከዋዜማው ጀምሮ ተዘፍዝፎ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሴትዮዋን ፈራኋት። ከወደ ተራራው ሰማዩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና የሁሉም መንጋጋ ባለበት ቆመ። ምንም ሳይወርድ ሲቀር ማላመጣቸውን ቀጠሉ።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ እናቴ ፊት ቆሙና ኮስተር ብለው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌሎቹም ተራ በተራ እያጎነበሱ እግዜር ያጥናሽ እያሉ ወጡ። እሷም አሜን አሜን እያለች ስትስቅ ቆየችና፣ የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ደነገጥኩ። «እማዬ፣ አልሄድም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ተይኝ ላልቅስ» አለች። «ያን ጊዜ ብቻዬን መቅረቴን እየፈራሁ ለአባትሽ በቅጡ አላለቀስኩለትም።»