ያየኸው ሁሉ የሚኬድበት አገር

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቱን ነው። በመተማ ቆላ፣ ከኮኪት ገበያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጌም ቤት ውስጥ ጆይስቲክ ይዞ ተቀምጧል። ጣቱ ቀስ ብሎ ሲዞር የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን አረፈበትና አብረቀረቀ። መስመር የለውም። የሁላችንም ጣት ላይ ያለው ያ ጥቅልል ያለ ቀጭን መስመር እሱ ላይ ጠፍቷል፤ ወንዝ ስንት ዘመን እንዳለሰለሰው ጠጠር ልሙጥ ሆኗል። ሰው ከገዛ ጣቱ ላይ እንዲህ ተፍቆ ሊጠፋ እንደሚችል እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ስሙ ቢሆነኝ ነው። ከጎጃም ደጋ ሰሊጥ ሊያጭድ ለሁለት ወር ብሎ ወርዶ አራት ዓመት ሆነው። እንደሱ ለአንድ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩትን እዚህ ሳሉግ ይሏቸዋል። እኔ ያን ክረምት ቤት ለቤት እየዞርኩ አጎበር የደረሳቸውን ሰዎች እመዘግብ ነበርና ዝናብ ሲይዘኝ እዚያች ጌም ቤት እጠለላለሁ።

ባለቤቱ ዑበይዳ ይባላል። ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም ሲመጣ ከቤቱ ያተረፈው በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ፕሌይስቴሽን ብቻ ነው። የኮኪት ልጆች የሚመጡት ለኳስ ነው፤ ይጯጯሃሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ተራ ይነጣጠቃሉ። ቢሆነኝ ግን በእሑድና በበዓል ቀን፣ ሥራ በማይገባበት ቀን ሁሉ፣ ሌላ ነገር ይጫወታል። ጫካ፣ ወንዝ፣ ግንብ የከበበው ከተማ፣ በሩቅ በረዶ የለበሰ ተራራ ያለበት ሰፊ አገር ነው። አንድ ፈረሰኛ አለ፤ ያ እሱ ነው። ጨዋታው ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ተራራው ላይ ያለውን ዘንዶ እንዲገድል አደራ ሰጥተውታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ዘንዶው አልሄደም። ዝም ብሎ ይሄዳል። ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ዳገት ይወጣል፣ እዚያ ቆሞ ያያል።

«ጋሽ ቢሆነኝ፣ ዘንዶው እኮ አርጅቶ ሊሞትብህ ነው» አለው አንዱ ልጅ፣ ተራ መጠበቅ የሰለቸው።

«ይሙታ። እኔን ምን አደረገኝ?»

ዑበይዳን ስለዚህ ጨዋታ ስጠይቀው በተሰባበረ አማርኛው ያስረዳኝ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። የኳሱ ጨዋታ ሜዳው መስመር አለው አለኝ፤ ይሄኛው የለውም። እዚያ በሩቅ የሚታየው ተራራ ሥዕል አይደለም። ተነስተህ ብትሄድ ትደርስበታለህ። ያየኸው ሁሉ ይኬድበታል።

ያየኸው ሁሉ ይኬድበታል። ከኮኪት ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ሰማይ ሲጠራ ደጋው ሰማያዊ ግድግዳ መስሎ ቆሞ ይታየዋል። ቢሆነኝም ያየዋል፤ አይደርስበትም። አሮጌ የቀበሌ መታወቂያው በደረት ኪሱ በላብ ርሶ ደርቆ፣ ርሶ ደርቆ፣ ፎቶው ታጥቧል፤ የቀረው ትከሻና አንገት ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሊወጣ ሞክሮ ሁለተኛው ኬላ ላይ አውርደውታል። መንገዱ ደህና ባልሆነበት ጊዜ ፊት የሌለው መታወቂያ የያዘ ሰው ማን እንደሆነ ማን ያምናል? ሦስት ቀን አስረው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ሰሊጥ የሚጭነው ሹፌር ደረበ፣ ያገሩ ልጅ ሆኖ እንኳ፣ መታወቂያ ካልያዝክ መኪናዬ ላይ አትወጣም ብሎታል።

ጳጉሜ ላይ የአዲሱ መታወቂያ መዝጋቢዎች ላፕቶፕና የጣት ማንበቢያ ይዘው ኮኪት መጡ። ቢሆነኝ ከሌሊቱ ጀምሮ ከተሰለፉት አንዱ ነበር። ረፊቃ የምትባል የመተማ ልጅ ጣቶቹን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስቀመጠች። ማሽኑ አሥሩንም እምቢ አለ። ይሄ ሰሊጥ ሠራተኛ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥማት ነገረችው፤ አረሙን በእጅ ሲነቅሉ፣ አገዳውን ጨብጠው ሲያጭዱ፣ ጣት ያልቃል። ከመስቀል በኋላ እንመለሳለን፣ እስከዚያ እጅህን አሳርፈው፣ ቅባት ቀባው፣ ሣር እንኳ እንዳትነቅል፣ ቆዳው መስመር ሊያወጣ ይችላል አለችው።

አረሙ አልቋል፣ አጨዳው አልደረሰም፤ ጊዜው ሥራ የሚፈታበት ነበር። ቢሆነኝ ምክሩን እንደ ስለት ያዘው። ልብሱን የሚያጥብለት ሰው ለመነ። ሲበላ ጣቱ ወጡን ይፈራ ነበር። ያንኑ ጣቱን የበላውን ሰሊጥ፣ ዘይቱን ገዝቶ ጠዋት ማታ ይቀባዋል። ዑበይዳ ደግሞ ጆይስቲኩም ጣት ይፍቃል ሲለው ደነገጠ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልነካውም። ግን መምጣቱን አልተወም። እጁን እንደታቀፈ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አንተ ያዝልኝ፣ እኔ እመራሃለሁ» አለኝ።

ሁለት ሳምንት እጁ ሆንኩለት። ፈረስ እንዲህ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሁለቴ ገደል ከተትኩት። ቢሆነኝ አይቆጣም፤ «የተማረ ሰው ቁልቁለት አይችልም» ብሎ ልጆቹን ያስቃል። ግን ደንብ አለው። አቋራጭ ፈልጌ በስንዴ ማሳ ውስጥ ስነዳ ክንዴን ያዘኝ፤ እህል ነው፣ በዳር ዙር አለኝ። ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ፣ ማንም ያልዘራው፣ ማንም የማያጭደው ስንዴ መሆኑን ልነግረው አስቤ ፈረሱን ወደ ዳር መለስኩ። የሰው ደጅ ስንደርስ ደግሞ፣

«ውረድ» አለኝ።

«ከየት?»

«ከፈረሱ ነዋ። ሰው ቤት በፈረስ ይገባል?»

ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ሳይነግረኝም እወርድ ጀመር።

ከሁሉ የሚወደው ግን የከተማውን በር ነው። ጦር የያዘ ዘበኛ ቆሞበታል፤ ፈረሰኛው ሲቀርብ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይለዋል። ቢሆነኝ ትርጉሙን ዑበይዳን ጠይቆ ያውቃል፤ መንገድህ ይቅናህ ነው የሚለው። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ውጣና ግባ አለኝ። አምስት ጊዜ ገባሁ፤ ዘበኛው አምስት ጊዜ መንገድህ ይቅናህ አለን። ልጆቹ ኳሳቸውን እየጠበቁ ያጉረመርማሉ። እሱ በየተራው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለዘበኛው እጅ ነሳ።

የመስቀል ዕለት ትልቁን ዳገት ወጣን። አናቱ ላይ ሜዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ጭስ የሚወጣባቸው የሣር ቤቶች አሉ። ጭሱን እያየ ቆየ። ከዚያ ስለ ልጁ ስለ ያብስራ ነገረኝ። ጥሏት ሲወርድ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባለፈው ዓመት ኔትወርክ የመጣ ቀን አነጋግሯት ነበር፤ ስልኩን ለእናቷ ስትመልስ «ማን ነው?» ስትል ሰማት። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ ልጅቱ ሳታድግ፣ ገና ሊያቅፋት በሚችልበት ዕድሜ፣ አንዴ መድረስ።

መዝጋቢዎቹ በቃላቸው መጡ። አብሬው ሄድኩ። ረፊቃ አስታወሰችው፤ እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችለት፣ አደረቀችለት፣ የራሷን ጣት ጣቱ ላይ ጭና መስታወቱ ላይ አስተኛችው። የማሽኑ ቀይ መብራት በራ። ሌላውን። ቀይ። አሥሩንም ሁለት ጊዜ ሞከረች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች።

«ሌላ መንገድ የለም?» አልኳት እኔ።

ከተወለደበት ቀበሌ ማንነቱን የሚመሰክር ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበት፣ ካመጣ ሊታይለት እንደሚችል ነገረችን። ደብዳቤውን ባለጉዳዩ ራሱ እዚያ ቀርቦ ነው የሚወስደው።

«እሺ እህቴ» አላት ቢሆነኝ። «እዚያ ለመድረስ መታወቂያውን ስጪኝና ሄጄ ላምጣልሽ።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፊቱን አይታ ዓይኗን ወደ ላፕቶፑ መለሰች።

ያለ መታወቂያ እንዲወስደው ደረበን ለመንነው። የሁለት ልጆች አባት መሆኑን፣ ኬላ ላይ መኪናው ቢያዝ ማንም እንደማይደርስለት ነገረን። እውነቱን ነው። ቢሆነኝም እውነቱን ነው አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሰሊጡ ደረሰ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ በቀናት ውስጥ ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ከአብደራፊ ወዲያ ያለ እርሻ ሰው ፈልጎ መኪና ላከ። ከኮኪት ይልቅ ከጎጃም የራቀ ነው፤ አጨዳው ሲያልቅ ማሽላው ይቀጥላል። ቢሆነኝ ተመዘገበ። እዚያ ጣት አይጠይቁም።

ሊሰናበት ጌም ቤት ሲመጣ ዑበይዳ ቴሌቪዥኑን ሊከፍትለት ተነሳ። አሁን ጣትህን የምታሳርፍበት ምክንያት የለም፣ አንድ ሰዓት ተጫወት አለው። ቢሆነኝ አልተቀመጠም።

«የኔን አጥፋው» አለ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ለምን? ቦታ አልያዘብኝም። ስትመጣ ታገኘዋለህ።»

«አጥፋው። እዚህ ገብቼ ስወጣ ነው የሚብስብኝ። እዚያ ሁሉ በር ክፍት ሆኖ አየዋለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ።»

ዑበይዳ እኔን አየኝ። ከዚያ የተቀመጡትን ጨዋታዎች ዝርዝር ከፈተ። ፈረሰኛው ባለፈው ያቆምነው ቦታ፣ ዳገቱ አናት ላይ፣ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ በትንሽ ሥዕል ታየ። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዑበይዳ ተርጉሞ ነገረው። ቢሆነኝ አዎ አለ። ሥዕሉ ጠፋ፤ ከሥሩ የነበረው የልጆቹ ኳስ ወደ ላይ ከፍ አለ።

እስከ በሩ ሸኘሁት። በሰላም ተመለስ ልለው ፈለግሁና ወዴት እንደምለው አላወቅሁም። ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ ወጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጥቁሩ ዋልካ የኮንጎ ጫማውን እየጎተተ ያከብድበታል። መሐል ላይ ቆም ብሎ ጭቃውን በድንጋይ ፋቀ፤ ከዚያ ሠራተኛ ወደ ሞላው መኪና ሄደ።