የቆምሁላቸው ሰው

ጠባቂዎቹ ከጭነት መኪናው «ዝለል!» ሲሉኝ ዘለልሁ። እጄ ከኋላ ታስሮ ስለነበር በእጄ መደገፍ አልቻልሁም። የግራ እግሬ ጣቶች ተቀልብሰው አረፉና ሰውነቴ ሁሉ ከላያቸው መጣ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ለመነሣት ብዘገይባቸው ቀኝ ጉልበቴን በሰደፍ ብለውኝ እየጎተቱ አስገቡኝ።

ክፍሉ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት። ማዳበሪያው ከወጣ ቢቆይም ሽታው ዐይን ያቃጥላል። ሰዉ ጎን ለጎን ተደርድሮ ተቀምጧል። ከበሩ ሥር ብቻ ትንሽ ቦታ ነበረች፤ ብርዱ ስለሚገባባት የሚፈልጋት አልነበረም። እሷ ደረሰችኝ።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። የተሰበረ ሰው ሲጠገን ዳግመኛ መራመድ የማለማምደው እኔ ነኝ። የተያዝሁትም በዚሁ ነው። «የማንን እግር ነው ስታሽ የከረምኸው?» ነበር ጥያቄያቸው። እግር ይዞ የመጣውን ሁሉ ነው ያከምሁት፤ እግር ደግሞ ወገኑን አይናገርም።

በማግሥቱ የግራ ውስጥ እግሬን ገልብጬ ሳየው መሐሉ ጠቁሯል። ያ ጥቁረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ምነው ቁርጭምጭሚቴ በሆነ! በእግር መሐል ያሉትን ትንንሽ አጥንቶች አስሮ የያዘው ጅማት ሲበጠስ፣ ሰውየው ቶሎ ከቆመበት እግሩ ይረግባል። አንዴ ከረገበ ዕድሜ ልክ ማንከስ ነው። ይህን ለስንቱ በሽተኛ አስረድቻለሁ። ከጎኔ ያለው ገበሬ «ወለምታ ነው፣ ይለቅሃል» ብሎኝ እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እግሬን አፈጥበት ነበር። አለማወቅ ደግ ነው የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው።

ራጅ እንዲያስነሡኝ ለመንሁ። ጠባቂው ሳቀ።

«ሐኪም አይደለህ እንዴ? ራስህን አክማ!»

አከምሁ። ከብስኩት ካርቶን መደገፊያ ቆርጬ በነጠላ ቁራጭ አሰርሁት። ያ ገበሬ በሰፈሩ ወጌሻ ኖሯል፤ «አምጣው ልሸው» እያለ ይለምነኛል። እንቢ ስለው «የፈረንጅ ወጌሻ» የሚል ስም አወጣልኝና ክፍሉ ሁሉ በዚያ ይጠራኝ ጀመር። ደግ ሰው ነው፤ ለሽንት አዝሎኝ የሚወጣው እሱ ነበር። እኔ ደግሞ ቀን ቀን እግሬን ከፍ አድርጌ፣ ቁርጭምጭሚቴ እንዳይደርቅ በእግሬ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል እጽፋለሁ። የእኛ ፊደል ታዲያ አያልቅም፤ «ጰ» ላይ ሳልደርስ ይደክመኛል። ካልሲ አንጥፌም በእግሬ ጣቶች እጨብጣለሁ። ወጌሻው ያየኝና ይስቃል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ፣ ከዚያ ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዙሬ አለቅሳለሁ። ቆሜ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ። እግሬ ከሄደ ምን ልሆን?

ጭንቁ የጠዋቱ ቆጠራ ነበር። የጠባቂዎቹ አለቃ ሲገባ ሁሉም መቆም አለበት። በቀኝ እግሬ ብቻ እንዳልቆም ጉልበቴ በሰደፉ አብጧል።

«እግሬ ተጎድቷል፤ ከቆምሁበት አይድንም» አልሁት።

«ንቀህ ነው!» አለና በጥፊ መታኝ። አልቆምሁም። ሰው ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበትን ሰዓት ከለከለኝ። አልቆምሁም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃት ነው። ከእሱ ይልቅ የምፈራው እግሬን ነበር።

እንዲህ እያልሁ ከወር በላይ ቆየሁ። ጥቁረቱ ለቀቀ፣ እብጠቱ ጎደለ። በጣቴ ስጫነው ሕመሙ እንደ መጀመሪያው አያስጮኸኝም። ትንሽ ቀን ብቻ፣ እላለሁ በልቤ፤ ከዚያ ቀስ እያልሁ ክብደት አስለምደዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊደሌን ጽፌ፣ ካርቶኑን ገና ሳላስር በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ተገፍተው ገቡ። ከመርጡለ ማርያም በኩል ነው ያመጧቸው፤ ኋላ እንደነገሩን ልጃቸውን ሊይዙ ፈልገው ሲያጡት በእሱ ፈንታ እሳቸውን ይዘዋቸው ነው። ጋቢያቸውን ጭቃ ነክቶታል፣ በትራቸውን ተቀምተዋል። ዐይናቸው ጨለማውን እስኪለምደው በሩ ላይ ቆሙና፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው፣ «እንደምን አረፈዳችሁ» አሉ።

«ኖር!» አልሁ።

ማለት ብቻ አይደለም፣ ተነሣሁ። ሽማግሌ ሲገባ እናቴ በዐይኗ እየጠቀሰች ከመቀመጫዬ ታስነሣኝ ነበር። ያ ሰውነት እኔን ሳይጠይቀኝ ብድግ አለ፣ በሁለት እግሩ።

«በእግዜር! በእግዜር፣ ልጄ!» አሉ እንደ ደንቡ፣ እንድቀመጥ በእጃቸው እያመለከቱ።

በእግሬ መሐል አንድ ነገር ከፈት ሲል ተሰማኝና ወደቅሁ።

«ምነው? ምን ሆነብኝ?»

«አባቴ፣ ይህ እግር ተደብድቦ እንኳ ለአለቃው ያልቆመ እግር ነው» አላቸው ወጌሻው።

«እኔን!» አሉ ሽማግሌው። «እኔን ያድርገው!»

ከጎኔ ተቀምጠው እግሬን ጭናቸው ላይ አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት። እኔ ግን ያን ቀን ጠላኋቸው። እናቴንም፣ ያሳደገኝንም አገር ጠላሁ። ውስጥ እግሬ ሲመሽ ዳግመኛ ጠቁሮ ነበር። ያጠራቀምሁት ሁሉ በአንዲት ቃል ሄደ። እህል አልቀምስም ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ አለቃው ለቆጠራ ገባ። ሰዉ ሁሉ ቆመ። ሽማግሌው እግሬን እንዳቀፉ ቁጭ አሉ።

«ተነሥ፣ አንተ ሽማግሌ!»

«አልነሣም፣ ልጄ።»

«ምን አልህ?»

«ይህ ልጅ ትናንት ለእኔ ብሎ ተነሥቶ እግሩን አጣ። ዛሬ እሱን አስቀምጬ እኔ ብነሣ ነውር ነው።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። አለቃው እጁን አነሣ። ሽበታቸውን አየና ወዲያው መልሶ አወረደው፤ የእኛኑ አገር ልጅ ነበር። ውሃ የያዘውን ጣሳቸውን በእግሩ ደፍቶ፣ ለእሳቸውም ፀሐይ ከልክሎ ወጣ።

ሌላው ሰው ሊሞቅ ሲወጣ ሁለታችን ብርዱ ላይ ቀረን። ሽማግሌው ተረከዜን በመዳፋቸው ያዙ።

«ወጌሻው የነገረኝ፣ ያ በእግርህ የምትጽፈው ፊደል ከየት ነው የሚጀምረው?»

«ከሀ።»

«በል እንጂ። እይዝልሃለሁ።»

ከሀ ጀመርሁ።

ኋላ እሳቸውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔ ስፈታ ራጅ ተነሣሁ፤ የፈራሁት ሆኗል። እግሬ ረግቧል፣ አነክሳለሁ፣ የማርቆስ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ይጠዘጥዘኛል። ሥራዬ ላይ ግን አለሁ፤ ዛሬ የማክመው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው።

እግሩን መሐሉ ላይ የተጎዳ በሽተኛ ሲመጣ ካርቶን ሳይሆን ጀሶ አለ፣ እግዜር ይመስገን። «እኔ እስክፈቅድልህ ድረስ ለማንም እንዳትቆም» ብዬ አጥብቄ እነግረዋለሁ። አብዛኛው እሺ ይላል። አንዳንዱ፣ በተለይ የገጠሩ ሰው፣ ትንሽ ያስብና ይጠይቀኛል።

«ሽማግሌ የገባ እንደሆነስ?»

ክራንቹን አነሣና እጁ ከሚደርስበት ቦታ አስጠግቼ አስቀምጥለታለሁ።